የኅዳር ሚካኤል ጽዋ በሻርጃ

ሻርጃ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ አልማዜ፤

ባሮ በክረምት እንደሚሞላ ቤትዎ በጤናና በሰላም ይሙላ እያልኩ ከባሕር ማዶ እጅ እነሳለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱም ለጋምቤላ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ልጆች ሲቀልጡ እኔ «ሹራብ አማረኝ» እያልኩ አናድዳቸዋለሁ።

በስልክ ሳወራዎት «ድምፅህ ሲቆራረጥ ሆዴ ይቆራረጣል፤ ቁም ነገሩን በወረቀት ጻፍልኝ» ስላሉኝ ይኸው ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ለሥራ ባልደረባዎ ለሲስተር ኛጆክ ቴሌግራም ልኬዋለሁ። ኔትወርክ ሲመጣ አትማ ትሰጥዎታለች።

ሥራዬ ዱባይ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሆቴል ስቶር ነው። እትዬ፣ ያየሁትን ብነግርዎት አያምኑኝም። የሙስሊም አገር ስለሆነ መጠጥ የሚባል ነገር ዐይኔ የማያይ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። እኔ የምጠብቀው ክፍል ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሶቹ እንዳይሞቃቸው ሌት ተቀን ቀዝቃዛ አየር ይነፍስላቸዋል። እንግዶቹ ከዓለም ዙሪያ መጥተው ደመና በሚነካ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው ይጠጣሉ። ማንም አይናገራቸውም። አፌን ከፍቼ ስመለከት አለቃዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ ያልፋል።

የምተኛው ግን ዱባይ ሳይሆን ሻርጃ ነው፤ አልጋ እዚያ ይረክሳል። ጠዋት አውቶቡስ ይወስደናል፣ ማታ ይመልሰናል። በሁለቱ መካከል ወንዝ የለም፣ ኬላ የለም፣ ገመድ የለም። ዱባይ የት ላይ አልቆ ሻርጃ የት ላይ እንደሚጀምር እስካሁን አላወቅሁም። ሾፌሩ እንኳ ፍጥነቱን አይቀንስም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ሻርጃ ውስጥ ያለን ሐበሾች በየወሩ በ12 የሚካኤልን ጽዋ እንጠጣለን። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ጋሽ ዘርአብሩክ የሚባሉ ሽማግሌ ሾፌር ናቸው። ጽዋው ሲነሳ ግን የምንሞላው የታሸገ የማንጎ ጭማቂ ነው። ጋሽ ዘርአብሩክ ቀምሰው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። የኅዳር ተራ ደግሞ ለእኔ ደርሷል። እርስዎ ቪዛዬ ሲመጣ «በሰላም ከገባ ለኅዳር ሚካኤል ጽዋ ያወጣል፤ ጠላውም እኔ በወቀጥኩት ጌሾ ይጠመቃል» ብለው የተሳሉትን አልረሳሁም። ጎረቤትዎ እትዬ ሰውዳ በኅዳር ለዕቃ ወደ ዱባይ መምጣቷ ስለማይቀር የተወቀጠ ጌሾና ትንሽ ብቅል ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጉልበትዎን የምስም ልጅዎ፣
ጥዑመልሳን

*

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጥዑመልሳን፤

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ በማታውቀው መንገድም መሪ ይሁንህ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ስላለፈ የወባ ጊዜ ነው፤ ጤና ጣቢያው ከጠዋት ጀምሮ ይጨናነቃል። ማታ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ደብዳቤህን ደግሜ ደግሜ አነባለሁ።

የጠርሙሶቹን ነገር ለኛጆክ ስነግራት «ብርድ ውስጥ? ክትባት ነው ያለው እዚያ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወይን ነው ስላት ራሷን ይዛ ቀረች። እኔም ብሆን ገርሞኛል። እግዚአብሔር የፈጠረው ዓለም ስፋቱ አያልቅም።

ጌሾውን ከመቱ በአውቶቡስ አስመጥቻለሁ። ብቅሉንም አብቅያለሁ። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ ሰውዳ ናት።

ሰውዳን አንተው ታውቃታለህ። እሷ ጨርቅና ጫማ ልትነግድ፣ እኔ መርፌ ልወጋ ወደዚህ ከተማ የመጣነው በአንድ ሰሞን ነው። ጎረቤት ሆነን ልጆቻችንን አብረን አሳደግን። ቤቴ ድግስ ባለ ቁጥር የሷ ማሰሮ ለብቻው ነው። ማር በውሃ አቅልጬ፣ ጌሾ ሳይነካው፣ አፉን በነጭ ጨርቅ ከድኜ ጥግ ላይ አስቀምጥላታለሁ። ገብታ ሰላም ሳትለኝ ዐይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ጥግ ነው። ብርዟን ስታይ ትቀመጣለች።

ታዲያ ይህችው ሰውዳ ጌሾውን ይዘሽልኝ ሂጂ ስላት ጨርቅ እያጠፈች ነበር። እጇን ገታ አድርጋ፣

«ይሄ ነገር እዚያ ይፈቀዳል ወይ?» አለችኝ።

«ጠላ እኮ ነው ሰውዳ፤ መጠጥ አይደለም» አልኳት። እውነቴን ነው። ቢራ መጠጥ ነው፣ አረቄ መጠጥ ነው። ጠላን ማን መጠጥ ይለዋል? ለልጅም ለአራስም ቅራሪው ይሰጣል።

«ላንቺ ምን እንደሆነማ አውቃለሁ። ለዚያ አገር ፖሊስ ምን እንደሆነ ነው የጠየቅኩሽ» ብላ ጨርቋን ማጠፍ ቀጠለች።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከፋኝ። ሃይማኖቷ አልፈቅድ ብሏት ፖሊስን ያመካኘች መሰለኝ። እንዲያ ከሆነ በግልጽ ትንገረኝ እንጂ። ስለዚህ አንተ እዚያው ያሉትን ጠይቅና «ይፈቀዳል» ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ፤ አነብላታለሁ። ስለቴ በሷ ጥርጣሬ ሊቀር አይገባም።

አክስትህ፣
አልማዜ

*

ሻርጃ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፤

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ሳላድር ነው የምመልሰው። ሰላምዎ ይብዛልኝ።

ጠይቄአለሁ። እንግዶቹን የሚያስተናግደው ኬንያዊ ባልደረባዬ ሕጉን አንድ በአንድ አስረዳኝ። ዱባይ ውስጥ ሙስሊም ያልሆነና ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ፓስፖርቱን አሳይቶ የመጠጥ ፈቃድ ይወስዳል። ለጉብኝት የመጣ እንግዳም ቢሆን ይሰጠዋል። መንገድ ላይ መጠጣት ግን ክልክል ነው። አንዲት ጠብታ ቀምሶ መኪና መንዳትማ ጭራሽ አይታሰብም።

እትዬ፣ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲጠጣ የሚያውቀው ጎረቤቱና ሚስቱ ናቸው። እዚህ መንግሥት ራሱ «እገሌ ይጠጣ ዘንድ ተፈቅዶለታል» ብሎ በስሙ ይጽፍለታል። እኔም ጠይቄ ወጣልኝ። ስልኬ ላይ ፎቶዬ ከነስሜ አለ። ቢራ ጠጥቼ የማላውቅ ልጅ ባለፈቃድ ሆንኩ። ለጋሽ ዘርአብሩክ ለማሳየት ቸኩያለሁ፤ ሰሞኑን ግን በሥራ ሩቅ ሄደዋል።

ስለዚህ ይፈቀዳል። ለእትዬ ሰውዳ እንዲህ ብለው ያንብቡላት፤ «ጥዑመልሳን ፈቃድ አለው።» ሻርጃ የምተኛ ብሆንም ከዱባይ አንድ አውቶቡስ ነው። ጠላውን የምጠምቅበት ባለክዳን ፕላስቲክ በርሜልም ገዝቻለሁ። አብረውኝ የሚተኙትም ልጆች እሺ ብለውኛል።

ልጅዎ ጥዑመልሳን

*

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጥዑሜ፤

የሚካኤል ጥላ ካንተ አይራቅ። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ነው የዘገየሁት። መልእክትህ የደረሰኝ ከስንት ቀን በኋላ ነው።

ደብዳቤህን ለሰውዳ ከላይ እስከታች አነበብኩላት። ዕቃ የምትቆጥረውን ትታ ሰማችኝ። ሲያልቅ፣ «ልጁ የሚሠራው ዱባይ፣ የሚተኛው ሻርጃ ነው አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። «እሺ፣ አምጪው» አለች። ከዚያ ወደ ዕቃዋ ቆጠራ ተመለሰች።

ጌሾውን በራሴ እጅ ወቅጬ፣ ከብቅሉ ጋር በቦርሳ አድርጌ፣ አፉን በክር ሰፍቼ ሰጠኋት። ስትቀበለኝ ዐይኔን አላየችኝም። ድሮ ቢሆን «ምን ሸክም ነው የምታሸክሚኝ» ብላ ታስቀኝ ነበር። የሆነ ሆኖ ትናንት በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሄዳለች፤ እዚያ ያላትን ጉዳይ ጨርሳ ትመጣልሃለች። ቦርሳው እጅህ ሲገባ ወዲያው ጻፍልኝ።

አክስትህ አልማዜ

*

ጋምቤላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥዑመልሳን፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዛሬ ምርቃት ለማብዛት አፌ አይታዘዘኝም።

ትናንት ጫማ ልቀይር ወደ ሰውዳ ሱቅ ሄጄ ነበር። ባሏ አብዱልከሪም ካርቶን ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ባንኮኒው ሥር ቦርሳዬን አየሁት። የሰፋሁት ክር እንኳ አልተፈታም። ጌሾዬ እዚያው ተቀምጧል፤ ሰውዳ ግን መንገድ ላይ ናት።

አብዱልከሪም ደነገጠ። ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ አቀረበልኝ። «ስትመለስ ራሷ ትንገርሽ፤ ተንኮል የለበትም» አለኝ። አልተቀመጥኩም። በጋምቤላ ፀሐይ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

አይሆንም ብትለኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። እሺ ብላ ተቀብላ መተዋ ነው ያቃጠለኝ። ስለቴን ባንኮኒ ሥር ጥላው ሄደች። ከእንግዲህ ቤቴ ድግስ ቢኖር ያን ነጭ ጨርቅ የለበሰ ማሰሮ አታገኘውም። ይህን ለኛጆክም ነግሬያታለሁ። ኛጆክ፣ «ሲስተር፣ ዛሬ ተቆጥተሻል። ነገ እንጻፈው» አለችኝ። አልሰማኋትም።

አንተስ ለምን ዝም አልክ? በዓሉ ደርሷል። ጽዋውን በምን ልትሞላው ነው?

አልማዜ

*

ሻርጃ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት እናቴም አክስቴም ለእትዬ አልማዜ፤

የሚካኤል በዓል በረከት ይድረስዎት። የተቆጡበት ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ገና ነው የደረሰኝ። እባክዎ ይህን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ከእትዬ ሰውዳ ጋር አይነጋገሩ።

ኅዳር 10 ዱባይ ገባችና ካረፈችበት ጠራችኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። የሰጠችኝ ቆርቆሮ ከባድ ነበር፤ ስከፍተው የመጀንግ ጫካ ማር ነው። ጌሾውስ ስላት፣ «ጋምቤላ ነው» አለችኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። እኔም እንደ እርስዎ ተቆጣሁ። ስለቱን ነገርኳት፣ ፈቃዴን ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋት። አየችውና፣ «ደህና ፎቶ ነው። አሁን እስከ ቤትህ ሸኘኝ» አለች።

ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ ፓኪስታናዊ ነው። ወደ ሻርጃ ስንቃረብ መንገዱ ተዘጋ። ሁለት መኪኖች ተነካክተዋል፤ ጭረት እንጂ ጉዳት የለም። ከአንደኛው መኪና ጎን ሱፍ የለበሰ ነጭ ሰውዬ ቆሟል። የኋላ ሳጥኑ ተከፍቷል፣ ውስጡ የጠርሙስ ከረጢት አለ። ፖሊሱ አልጮኸም፣ አልገፋም። ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ከታክሲው መስኮት አየሁት እትዬ፤ የእኔው ፈቃድ ነው፣ ቀለሙም ቅርጹም። ፖሊሱ አየው፣ በትህትና መለሰለት፣ ከዚያ በሩን ከፍቶ ፖሊስ መኪናው ውስጥ አስገባው።

ሾፌራችን ጣቱን ወደ መሬት አድርጎ «ሻርጃ» አለ። ወደ ኋላ ወደ አንድ የመብራት ምሰሶ ጠቁሞ ደግሞ «ዱባይ» አለ።

መስመሩን ፈለግኩት። አስፋልቱ ያው ነው። የመብራቱ ምሰሶ ያው ነው፣ የተምር ዛፎቹም በአንድ ቁመት ተሰልፈዋል። ዐይኔ ምንም አላገኘም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ የማልፍበት መንገድ ነው። እዚያ ማዶ በሰው ፊት በቅዝቃዜ የሚጠበቀው ጠርሙስ እዚህ ማዶ ወንጀል ነው። መጠጣቱ ብቻ አይደለም፣ ይዞ ማለፉም ጭምር። ሰውዬው ሀብታም መሆኑ አላዳነውም፣ እንግዳ መሆኑም አላዳነውም። ፍርሃትም አድናቆትም የሚባለው አንድ ላይ መጣብኝ።  የማይታይ ነገር ይህን ያህል ሲከብድ አይቼ አላውቅም።

እትዬ ሰውዳ፣ «አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?» አለችኝ።

«ስድስት።»

«ስድስታችሁም በአንድ በርሜል ጠላ ታልቁ ነበር። እስር ነው፣ ከዚያ ወደ አገር መባረር። እኔም ጌሾውን ያመጣሁት እንደሆነ ሁለተኛ እዚህ ለንግድ አልገባም። ፈቃድ ያልከውም ለገዛ ሰው ነው እንጂ ለሚጠምቅ አይደለም። ዱባይም ብትሆን ቤት ውስጥ መጥመቅ አይቻልም» አለች። አብሯት ይነግድ የነበረ ሰው ከአገር ባመጣው አንድ ጠርሙስ አረቄ ሻርጃ ውስጥ ሲታሰር በዐይኗ አይታለች።

«ታዲያ ለእትዬ ለምን አልነገርሻትም?» አልኳት።

«ነገርኳት እኮ። ሙስሊም ስለሆንኩ መሰላት። ስለት ያለበትን ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አይሆንም ማለት ከበደኝ። ተሳስቻለሁ፣ ቦርሳውን መቀበል አልነበረብኝም» አለች። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በሚካኤል ዕለት ከሰዓት ክፍላችን መጣች። ያን የገዛሁትን በርሜል አሳጠበችን። ውሃ አፍልታ አቀዘቀዘች፣ ማሩን አሟሟች፣ በነጭ ጨርቅ አጠለለች። «አልማዜ ለእኔ የምታደርገው እንዲህ ነው። ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሳያት ነው የተማርኩት» አለች። ሳይመሽ ጠጥተን እንድንጨርሰውም አጥብቃ አስጠነቀቀችን። ካደረ ይፈላል፣ ከፈላ ደግሞ ያ ክልክል የተባለው ነገር ራሱ ይሆናል። እትዬ፣ እንደ መንገዱ ሁሉ በርሜሉም ውስጥ የማይታይ መስመር ነበረበት። ወዲህና ወዲያውን የምትለየው አንዲት ሌሊት ብቻ ናት።

ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ሲሞላ ጋሽ ዘርአብሩክ ቀመሱ። እንደ ልማዳቸው ይተነፍሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተነፈሱም። «ይህ የአገር ማር ነው» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ብርጭቆ አስመጥተው በር አጠገብ ለተቀመጠችው ለእትዬ ሰውዳ ከዚያው በርሜል ቀዱላት። ለእሷ የተለየ ዕቃ አላስፈለገም። ሁላችንም ከአንድ ዕቃ ጠጣን፤ የሚደፋም አልተረፈም።

ስለትዎ በጌሾ ነበር፤ በማር ተፈጸመ። ይቅር ይበሉኝ። እኔ ሳላጣራ «ይፈቀዳል» ብዬ የጻፍኩት ነው ሁሉን ያመጣው። እርሷን ግን አይቀየሟት።

ልጅዎ ጥዑመልሳን

*

ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥዑመልሳን፤

ያን የማይታይ መስመር ያሳለፈህ አምላክ ወደፊትም ደጅህን ይጠብቅ። መልሴ የዘገየው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። አፍሬ ነው።

ደብዳቤህን ከስልኳ ላይ ያነበበችልኝ ኛጆክ ናት። የፖሊሱ ጋ ስትደርስ ያንኑ ደግማ እንድታነብልኝ ለመንኳት። በየቀኑ በሽተኛ የምመክር ሰው ነኝ፤ ስድስት የሰው ልጅ በእኔ ጌሾ እስር ቤት ሊገባ ነበር። የንስሐ አባቴን ስለ ስለቱ ጠየቅኳቸው። ስቀው፣ «ሚካኤል ጠላ ጠማኝ ብሎሻል እንዴ?» አሉኝ።

ሰውዳ ከተመለሰች ሰንብታለች። እኔ ወደ እሷ አልሄድኩም፣ እሷም ወደ እኔ አልመጣችም። ጠዋት ከኛጆክ ጋር ወደ ሥራ ስንሄድ ባጃጁን በሌላ መንገድ አስዞረው ነበር። አንድ ቀን ኛጆክ፣ «በሰውዳ ሱቅ ማለፍ መቼ ነው የምንጀምረው? ይሄ መንገድ ጉድጓድ ብዙ ነው» አለችኝ።

የታኅሣሥ ጽዋ የእኔ ተራ ነበር። ትናንት በማለዳ ሱቋ ሄድኩ። አየችኝና ጎንበስ ብላ ቦርሳዬን ከባንኮኒው ሥር አወጣች፣ አቧራውን ጠረገችልኝ። «ይኸው አደራሽ» አለች።

«እዚያው ይቀመጥ፤ ዛሬ አያስፈልገኝም» አልኳት። «ማታ ትመጫለሽ?»

«ጠራሽኝ ወይ?»

«ጠራሁሽ።»

ማታ መጣች። ቤቱ በማኅበርተኛ ሞልቷል። መምህር አሸብር ገና ከመግባቱ «ዛሬ የጠላ ሽታ የለም፤ ጌሾ ጠፋ እንዴ?» እያለ ያጉረመርማል። ሰውዳ ቦታዋ ላይ ሳትቀመጥ ዐይኗ እንደ ወትሮው ወደ ጥጉ ሄደ። ጥጉ ባዶ ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። የተቆጣሁ ቀን ያልኩትን ከኛጆክ ሰምታ ይሁን አይሁን አላውቅም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ በሩን አየች።

«ማሰሮዬስ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ።

እጇን ይዤ ወደ መሃል ወሰድኳት። ማኅበርተኛው ከቦት የተቀመጠው ማሰሮ አፉ በነጭ ጨርቅ ተከድኗል። ሌላ ማሰሮ አልነበረም።

አክስትህ፣
አልማዜ